ጥምቀት፣ ፍልሰታና ስግድ፦ በቤታችን ስለማንነጋገርበት የዘመን መቁጠሪያ

በየዓመቱ ጥር 10 እና 11 ቀን፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 18 እና 19 አካባቢ፣ በርሖቮት ቂርያት ሞሼ ሰፈር ባሉ ብዙ ቤቶች ውስጥ ቴሌቪዥኑ ወይም ስልኩ ጎንደርን ያሳያል። ታቦታቱ ወደ አጼ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፣ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ ወጣቱ ሲጨፍር ይታያል። አያት ዝም ብለው ይመለከታሉ። ልጃቸው መጥታ ጣቢያውን ትቀይረዋለች። የልጅ ልጅ ደግሞ በዕብራይስጥ «ሳብታ፣ ይሄ የኛ በዓል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በብዙ ቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የለም።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ልናነሳው የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው። ከማህበረሰባችን ውስጥ አንድ ክፍል፣ በተለይም ከ1991 በኋላ የመጡት የዘርአ እስራኤል ቤተሰቦች፣ ወደዚህ አገር ከመግባታቸው በፊት በቤተ ክርስቲያን ዓመት ውስጥ ኖረዋል። ጾሙን ጾመዋል፣ በዓሉን አክብረዋል፣ ማህበር ጠጥተዋል። ይህ የሚታወቅ ነገር ሆኖ ሳለ የማይነገር ሆኗል። በማህበራዊ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ዝምታው የሚያስከትለውን ጉዳት በክሊኒክ፣ በትምህርት ቤት፣ ጎንደር የቀሩ ዘመዶችን ለማምጣት በሚሞሉ ፎርሞች ላይ ጭምር እናየዋለን። ስለዚህ ጉዳዩን ሳንጮህም ሳናፍርም ብንመለከተው ይሻላል እንላለን። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ የኢትዮጵያ በዓላትና ጾሞች ግን በሚታወቁበት በኢትዮጵያ ቀን ተጠቅሰዋል።)

የቤተ ክርስቲያን ዓመት ምን ይመስል ነበር?

እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችን ሃይማኖት ማለት ሰው የሚያምነው ነገር ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ግን ሃይማኖት ከሁሉ በፊት ጊዜ ነበር። መቼ እንደሚታረስ፣ መቼ ሥጋ እንደሚበላ፣ መቼ ሠርግ እንደሚደገስ የሚወስነው የቤተ ክርስቲያኒቱ ዓመት ነው።

ዓመቱ በመስከረም 1 ይጀምራል። መስከረም 16 ደመራ ይበራል፣ በማግስቱ መስቀል ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባና በገና፣ ታኅሣሥ 29 ይፈታል። ጥር 11 ጥምቀት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ የሠርግ ወራት ነው። የሦስት ቀን የነነዌ ጾም ያልፍና 55 ቀን የሚቆየው ሁዳዴ ይገባል፣ መጨረሻው ፋሲካ ነው። ከፋሲካ በኋላ ለ50 ቀን ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ቀጥሎ የሐዋርያት ጾም፣ በክረምቱ መካከል ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ይመጣል። ፍልሰታን ልጆች ሳይቀሩ ይጾሙታል፤ በመካከሉ ነሐሴ 13 ቡሄ ሲሆን ሙልሙል ዳቦ ለመቀበል በየደጁ ይጨፍራሉ። በጾም ወራት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል አይነካም፣ የሚጾመውም ሰው ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ እህል ውኃ አይቀምስም። የጾሙ ቀን ሁሉ ቢደመር ለተራው ምዕመን በዓመት ወደ 180 ቀን ይደርሳል።

በዚህ ላይ የየወሩ በዓል አለ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን አይነካም። በአንዱ ቅዱስ ስም የተሰበሰቡ ሰዎች በየወሩ በየተራ ጠላና ዳቦ እያዘጋጁ ማህበር ይጠጣሉ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ፣ በዚህም የክርስትና አባት ወይም እናት ያገኛሉ። ሁለቱ ቤተሰቦችም አበልጅ ይሆናሉ፣ አበልጅነት ደግሞ ከሥጋ ዝምድና የማይተናነስ ትስስር ነው። ሰው ሲሞት የሚቀበረው በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የሚፈታው በካህኑ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከዚህ ዓመት ውጭ የሆነ ሰው ማህበርተኛ የለውም፣ አበልጅ የለውም፣ መቀበሪያም የለውም። በዓሉን ማክበር የእምነት ምስክርነት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በመንደሩ ውስጥ እንደ ሰው ለመቆጠር የሚከፈል መግቢያም ነበር። ይህን ሳንረዳ የወላጆቻችንን ሕይወት መረዳት አንችልም።

የእኛ ሰዎች እንዴት ገቡበት?

ቤተ እስራኤል ለዘመናት ከዚህ ዓመት ውጭ ሆነው ኖረዋል። ዋጋውም ከባድ ነበር። በአባቶቻችን ታሪክ እንደሚነገረው ከአጼ ይስሐቅ ዘመን (1414–1429) ጀምሮ ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይወርስ ተደርጓል። መሬት ያጣ ሰው ጭሰኛ ይሆናል፣ ወይም በእጁ ሥራ ያድራል። ብረት ቀጥቅጠን፣ ሸክላ ሠርተን፣ ሸማ ሸምነን የኖርነው ለዚህ ነው። «ፈላሻ» እና «ቡዳ» የሚሉት ስሞችም ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው። አባቶቻችንም በበኩላቸው ከክርስቲያን ጋር መነካካትን ከልክለው፣ ከነካኩም በወራጅ ውኃ ታጥበው፣ የሌላ እርድ ሳይበሉ ራሳቸውን ጠበቁ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ነገሮች ተደራረቡ። በ1860 ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚስዮናዊ በአይሁድ መካከል ክርስትናን ለማስፋፋት ከተቋቋመው የለንደን ማህበር ተልኮ መጣ፣ ማርቲን ፍላድም ከእርሱ ጋር ሥራውን ጀመረ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሚስዮናውያኑ ፕሮቴስታንቶች ቢሆኑም እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው የተቀበሏቸው ሰዎች በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ በሚል ስምምነት ነበር። ስለዚህ የነሱን ትምህርት የተቀበለ ቤተ እስራኤል የገባው ወደ ጎረቤቱ ጾምና በዓል ነው። ከዚያ ከ1888 እስከ 1892 ክፉ ቀን መጣ። ከብት አለቀ፣ ሰው በረሃብ ረገፈ፣ መንደር ተበተነ። የተበተነ ሰው ደግሞ ቄሱንም፣ መስጊዱንም፣ የመርገም ጎጆውንም ይዞ አይሄድም። ክርስቲያን መንደር የደረሰች እናት ልጇን በ40 ቀኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወስድ በልቧ ምን እንደነበር ማን ያውቃል?

አንዳንዱ ለመሬት፣ አንዳንዱ ለእንጀራ፣ አንዳንዱ በፍቅርና በጋብቻ፣ አንዳንዱም ከልቡ አምኖ ገባ። ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ስህተት ነው። ከገቡም በኋላ በብዙ ቦታ ጎረቤቶቻቸው «ፈላሻ» ማለታቸውን አልተዉም፣ ብዙዎቹም እርስ በርሳቸው ሲጋቡ ኖሩ። ከአንዱ ወጥተው ወደ ሌላው ሙሉ በሙሉ ሳይገቡ ትውልድ ያለፈባቸው ቤተሰቦች አሉ።

የሚመሳሰለውና የሚለየው

ልጆቻችን ግራ የሚጋቡበት ሌላም ምክንያት አለ። ሁለቱ የዘመን መቁጠሪያዎች በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። የኛም ቄሶች በግዕዝ ይጸልያሉ፣ ኦሪቱም ዳዊቱም በግዕዝ ነው። የኛም እናቶች ወንድ ልጅ ሲወልዱ 40 ቀን፣ ሴት ልጅ ሲወልዱ 80 ቀን ተለይተው ይቆዩ ነበር፣ ምንጩም ያው ኦሪት ዘሌዋውያን ነው። የኛም ወንዶች ልጆች በስምንተኛው ቀን ይገረዛሉ፣ የክርስቲያኑም እንዲሁ። ፔሳሕን አባቶቻችን የሚጠሩት ፋሲካ ብለው ነው። ለሙታን ተዝካር ማውጣት በሁለቱም ዘንድ ነበር። ሰንበትን በተመለከተም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ስትከራከር ኖራ፣ በ1450 በአጼ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜም ከእሑድ ጋር እንዲከበር ወስናለች።

መለያው ደግሞ ግልጽ ነው። ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን ቄሶች ኦሪቱን ተሸክመው ወደ ተራራ የሚወጡበት፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ የሚጸለይበት ስግድ የኛ ብቻ ነው። ጾመ አብ፣ ጾመ አስቴር፣ ብርሃን ሠረቀ፣ በዓለ መጸለት፣ ሰባተኛው ሰንበት የሚከበርበት ሥርዓት የኛ ናቸው። ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብ ሲጾም የኛ አባቶች የሚጾሙት ሰኞና ሐሙስ ነበር። ክርስቲያኑ ኪዳነ ምሕረትን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምን ሲያከብር የኛ ሰው የሚያከብረው ሰንበትን ነው።

ይህ የሚያስገርም አይደለም። በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ዝናብና በአንድ መኸር ውስጥ የኖሩ ሁለት ሕዝቦች ናቸው። ለልጅ «እነሱና እኛ ምንም አንገናኝም» ብሎ መንገር ውሸት ይሆናል። «ሁሉም ያው ነው» ማለትም ለስግድ ሲሉ የተሰደቡትን አባቶች መርሳት ነው።

ከመርማሪው ፊት የሚቀርበው ጥያቄ

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳይ እንምጣ። በ1970 የተሻሻለው የመመለስ ሕግ አይሁዳዊ ሆኖ በፈቃዱ ሃይማኖቱን የቀየረን ሰው ከመብቱ ያስወጣል። ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁዶች ናቸው ብለው ወሰኑ፣ መንግሥትም በ1975 በዚሁ ሕግ እንዲገቡ ተቀበለ። በ1984–85 በሙሴ ዘመቻ 8 ሺህ ያህል፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ወገኖች ገቡ። ክርስትና ገብተው የነበሩት ቤተሰቦች ግን በዚያ ዘመቻ ብዙዎቹ ሳይሳፈሩ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ «የመጨረሻው ውሳኔ» እየተባለ እንደገና የሚከፈት በር ታሪክ ነው። በ2003 መንግሥት በእናታቸው በኩል የቤተ እስራኤል ዘር የሆኑት በመግቢያ ሕግ ገብተው ወደ ይሁድና የመመለስ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ወሰነ። በ2010 ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንዲገቡ ተወስኖ በኦገስት 2013 በሩ ተዘጋ ተባለ። በ2015 ለ9 ሺህ ያህል ሰዎች፣ በ2020 ለ2 ሺህ፣ በኖቬምበር 2021 ለ3 ሺህ እንደገና ተከፈተ። የ2021ዱ ውሳኔ በዋናነት እስራኤል ውስጥ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያላቸውን የሚመለከት ነበር። ያም ቢሆን በፍርድ ቤት ክርክር ለጊዜው ታግዶ፣ በ2022 እገዳው ከተነሳ በኋላ ነው ጉዞው የቀጠለ። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሳ ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎች በእስራኤል መንግሥት ጥረት ወጥተዋል። የቀሩት ግን ዛሬም እዚያው ናቸው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቤተሰቡ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ክርስቲያን ነበራችሁ?» ጥያቄው አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ይጠብቃል። የተጠየቀው ሰው ሕይወት ግን በአዎና በአይደለም አልኖረም። «ክርስትና ተነስተሃል?» ሲባል «አዎ» ቢል በ40 ቀኑ ስለተደረገበት ነገር መመስከሩ ነው። «ጥምቀትን ታከብሩ ነበር?» ሲባል መንደሩ ሁሉ ወደ ወንዝ ሲወርድ ቤት የቀረ ሰው ማን ሊባል እንደሚችል መርማሪው አያውቅም።

ከዚህ የሚከተለውን ደጋግመን አይተናል። ርሖቮት ያለው ወንድም ፈርቶ «በፍጹም አናውቀውም» ብሎ ይፈርማል። ጎንደር ያለው ወንድም ደግሞ የሆነውን እንዳለ ይናገራል። ሁለቱ ወረቀቶች ሲገናኙ የሚጠረጠረው ዝምድናው ራሱ ይሆናል። እንግዲህ ፋይሉን የጎዳው ማኅበሩ ወይም ጾሙ ሳይሆን እርስ በርሱ ያልተስማማው ቃል ነው። የውሳኔዎቹ መነሻ የዘር ሐረግና የቤተሰብ ትስስር እንደመሆኑ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው አያት ከየትኛው መንደር መቼ እንደወጣ በትክክል መናገር ከመደበቅ የበለጠ ይጠቅማል። ማንኛውም ቤተሰብ ፎርም ከመሙላቱ በፊት ከዘመዱ ጋር ተነጋግሮ እውነቱን አንድ ላይ ቢያስታውስ፣ የሕግ ሰውም ቢያማክር እንመክራለን።

ዝምታው በሽተኛንና ልጅን ሲጎዳ

ጉዳዩ በፎርም ብቻ አያበቃም። ፍልሰታ የሚውለው ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። በርሖቮት ይህ ወር ሙቀቱ የሚከብድበት ነው። ስኳር በሽታ ያለባቸው አንዲት እናት ከልጅነታቸው ጀምሮ የጾሙትን ጾም በዚህ ዕድሜያቸው ለመተው አልቻሉም እንበል። ቤተሰቡ ወደ ይሁድና ተመልሷል፣ ልጆቹ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ ስለዚህ እናት ጾማቸውን ለማንም አይናገሩም። ጠዋት መድኃኒታቸውን ባዶ ሆዳቸውን ይውጣሉ፣ እስከ ማታ ውኃ አይጠጡም። ነርሷ «ለምን አልበሉም?» ስትላቸው «አላሰኘኝም» ይላሉ። ነርሷ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ብላ ትጽፋለች፣ ሐኪሙም መድኃኒት ይቀይራል። ምክንያቱ ያልታወቀ ችግር መፍትሔ አያገኝም።

የሚገርመው በዚያው ሕንጻ፣ በዚያው ሰሞን፣ ሌላ ፎቅ ላይ ያሉ የቤተ እስራኤል እናት በጥንቱ ሥርዓት ጾመ አብን በተከታታይ ቀናት ይጾሙ ይሆናል። እሳቸውም ለሐኪም አይናገሩም፣ ምክንያቱም እዚህ አገር የሚጾመው አንድ ቀን ብቻ ነው ተብለዋል። ሁለቱ እናቶች በደረጃው ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ዓይነት ድካም በሁለቱም ፊት ላይ አለ። ልጆቻቸው ይህን ቢያውቁ ቢያንስ መድኃኒቱን ከጾሙ ሰዓት ጋር እንዴት ማስማማት እንደሚቻል ሐኪሙን መጠየቅ ይችሉ ነበር። በሁለቱም ሃይማኖት የታመመ ሰው ከጾም ነጻ መሆኑንም ቄሱ ወይም ራቡ ቢነግሯቸው ከልጆቻቸው አፍ ይልቅ ይሰሟቸዋል።

የልጆቹም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በ1985 መሪ ራባኑት ከቤተ እስራኤል የጥምቀት ሥርዓት በጠየቀ ጊዜ ወላጆቻችን ኢየሩሳሌም ላይ አንድ ወር ያህል ተቃውሞ አድርገዋል። በ2018 በአንድ የወይን ፋብሪካ የኢትዮጵያ ተወላጆች ወይኑን እንዳይነኩ መደረጉ ሲሰማ አገሩ ሁሉ ተንጫጭቷል። እንግዲህ የልጁ አይሁዳዊነት በውጭ ይጠረጠራል። ቤት ሲገባ ደግሞ ስለ አያቱ ሲጠይቅ ፊት ይዞርበታል። ልጅ ፊት ሲዞርበት የሚረዳው አንድ ነገር ነው፦ የሚያሳፍር ነገር አለን ማለት ነው። በጉርምስና ዕድሜው ይህ ሀፍረት ንዴት ሲሆን እናየዋለን። አንዳንዱ ጭራሽ ከቤተሰቡ ይርቃል። አንዳንዱ ደግሞ ጥያቄውን በውጭ ላገኘው ሰባኪ ይዞ ይሄዳል። እርግጥ በ1977 የወጣው ሕግ ሰው ሃይማኖቱን እንዲቀይር ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም መስጠትን ይከለክላል። ጆሮ መስጠትን ግን የሚከለክል ሕግ የለም፣ ልጁም የፈለገው እሱን ነው።

ከልባቸው ክርስቲያን የሆኑ ዘመዶችም አሉን። በጋብቻ የመጡ አሉ፣ ኢትዮጵያ የቀሩ አሉ፣ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ በፋሲካ ሰሞን መጥተው ዴር ሱልጣን ሲጸልዩ የሚያድሩ አሉ። ለነሱ ጥምቀትና ፍልሰታ ትዝታ ሳይሆን ሕያው እምነት ነው። እነሱን ማክበር ከእኛ እምነት አንዲት ነገር አይቀንስም። አባቶቻችን በክርስቲያን ጎረቤት ሠርግ ሲጠሩ የራሳቸው ከብት ተለይቶ ለራሳቸው ይታረድላቸው ነበር። ልዩነቱ በግልጽ ታውቆ ወዳጅነቱም ይቀጥል ነበር። ይህን ጥበብ ለምን እዚህ አገር ረሳነው?

የቀደሙት ወገኖች ቅሬታ

ይህን ስንጽፍ «ለኛስ ማን አሰበ?» የሚሉን የቤተ እስራኤል አባቶችና እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። ቅሬታቸው መሠረት አለው። መሬት ተከልክለው፣ በቡዳ ስም ተወግረው ስግዳቸውን ያልተዉ ናቸው። በ1862 አባ ማህሪን ተከትለው በእግራቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ ያለቁት የነሱ ወገኖች ናቸው። በሱዳን መንገድ 4 ሺህ ያህል ወገኖቻችን ሞተዋል። «ያኔ ሲመቻቸው ወጡ፣ አሁን ሲመቻቸው ተመለሱ» የሚለው ቃል የሚወጣው ከዚህ ቁስል ነው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ከሚጠብቁት ጋር የዘር ትስስር የሌላቸው ሰዎች ይገባሉ ብለው ይሰጋሉ፣ ማጣራቱም ተገቢ ነው።

ሆኖም ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ የጸኑት ሰዎች ክብር የሚጠበቀው የጸኑበት ነገር ሲነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ዓመት ምን ያህል መላውን ኑሮ ይይዝ እንደነበር የማያውቅ ልጅ ከዚያ ውጭ ሆኖ መኖር ምን ያህል ጀግንነት እንደነበር ሊገባው አይችልም። ሁለተኛ፣ በክፉ ቀን የተበተነ ሰው የልጅ ልጅ፣ እዚህ መጥቶ፣ ተምሮ፣ ወደ ይሁድና የመመለሱን ሥርዓት ፈጽሞ፣ ልጁን ለጦር ሠራዊት ልኮ ሲኖር፣ የቅድመ አያቱን ምርጫ በየቀኑ ከፊቱ መደቀን ፍትሕ አይደለም። ቄሶቻችንም ሆኑ ራቦቻችን የተመለሰን ሰው የቀድሞ ነገሩን እያነሱ ማሳፈር ክልክል መሆኑን ያውቃሉ፣ ያስተምራሉም።

ምን ይደረግ?

ከሥራችን ተነስተን ጥቂት ነገሮችን እንጠቁማለን።

በቤት ውስጥ፦ ልጅ «ይሄ የኛ በዓል ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ጣቢያውን ከመቀየር ይልቅ አጭር እውነት ይነገረው። «ይህ የክርስቲያኖች በዓል ነው። ስንኖር በመካከላቸው ነበርን። ከቤተሰባችን አንዳንዱ አክብሮታል፣ ምክንያቱንም እነግርሃለሁ። የኛ ስግድ ነው» ቢባል ልጁ አይሁዳዊነቱን አያጣም። እንዲያውም ለሚጠይቁት ሁሉ መልስ ይኖረዋል።

ከአረጋውያን ጋር፦ እናት ወይም አባት የሚጾሙትን ጾም፣ የማንም ይሁን የማን፣ ሳይሳደቡና ሳይከራከሩ መጠየቅ ይገባል። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ ከነሐሴ በፊት ከቤተሰብ ሐኪም ጋር ይመከርበት። ለሐኪም የተነገረ ነገር ምስጢር ነው፣ የማህበራዊ ሠራተኛም እንዲሁ። ጾሙ ወደ ግዩር ፋይል ይሄዳል የሚለው ፍርሃት ሰው መድኃኒቱን እንዲያበላሽ ምክንያት መሆን የለበትም።

ለትምህርት ቤትና ለማትናስ ሠራተኞች፦ ስግድ በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆኗል፣ በትምህርት ቤቶችም ይከበራል። በዓሉ ግን በዳቦና በእስክስታ ብቻ ባያልፍ ይመረጣል። አንድ የቤተ እስራኤል ሽማግሌና አንድ የዘርአ እስራኤል ሽማግሌ አብረው ተቀምጠው አንዱ በአምቦበር ተራራ ላይ ስለ ወጣው ስግድ፣ ሌላው ከሩቅ ሆኖ ስላየው ስግድ ቢናገሩ፣ ልጆቹ ከዚህ የበለጠ የታሪክ ትምህርት አያገኙም።

ለሁላችንም፦ የአያቶችን ታሪክ በስልክ ላይም ቢሆን እንቅዳው። የመንደሩን ስም፣ የቅድመ አያትን ስም፣ ከየት ወደ የት እንደተሰደዱ፣ ምን እንደጾሙና ለምን እንደጾሙ እንጠይቅ። የሚያውቁት ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ነገ ጎንደር ለቀረው ዘመድ ማስረጃ የሚሆነውም፣ ለልጅ ልጅ መልስ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ወገኖቻችን፣ የኢትዮጵያ ክርስቲያን በዓመቱ ውስጥ ከነፍሱ ጋር ኖሮበታል፣ ቤተ እስራኤልም በራሱ ዓመት እንዲሁ። በሁለቱ መካከል የኖሩት ደግሞ የኛው ናቸው። በቂርያት ሞሼም ሆነ በሌላ ሰፈር የሚኖር ቤተሰብ ከነዚህ ከሦስቱ የአንዱ ወይም የሁለቱ ዘር መሆኑን አውቆ በግልጽ ቢነጋገር፣ ከመርማሪ ፊት የሚሰጠው ቃልም፣ ከሐኪም ፊት የሚናገረው ሕመምም፣ ለልጁ የሚሰጠው መልስም አንድና ቀጥተኛ ይሆናል።

ሰላምና ጤና ለሁላችሁም ይሁን።